ከሰበታ ሱሉልታ፣ ተንጋለው በሚነዱት ብስክሌት

በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. አንድ እሑድ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ፣ ከሱሉልታ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ውስጥ፣ ልጅ ለመጠየቅ በሽምግልና ተልኬ በሄድኩበት ቤት ደጃፍ፣ ከብስክሌት ሳልወርድ ለአባትየው ሰላምታ ሰጠሁ።

እዚያ ደጃፍ ለመድረስ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን ከበው የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። በሰላም ጊዜ ሦስቱንም በታክሲ አዳርሶ ለእራት ሳሪስ ቤቴ መመለስ ይቻላል። በዚያ ሰሞን ግን አይቻልም ነበር። አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ከተሞች ጋር ሊያያይዝ የወጣውን ማስተር ፕላን የተቃወመው ሕዝብ መንገዶቹን በድንጋይና በግንድ ይዘጋል፣ ፖሊስ ይከፍታል፣ መልሶ ይዘጋል። ሚኒባሶቹም ከከተማው ጫፍ አያልፉም።

ስለ ብስክሌቱ ልናገር፤ አብዛኛው አንባቢ አይቶት አያውቅምና። ከተለመደው ሳይክል ረዘም ይላል፣ ከፍታው ግን ከወንበር አይበልጥም። ነጂው ጀርባውን ደገፍ አድርጎ፣ እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ከፊት ጎማ በላይ ያለውን ፔዳል ይገፋል። የሠራው ገመቹ ነው። ገመቹ ሰበታ ውስጥ በርና መስኮት የሚበይድ፣ ሠላሳ ያልሞላው ሰው ነው። አካሉን ከውሃ ቱቦ በየደው፤ የፊቱን ጎማ ከልጆች ሳይክል፣ የኋላውን ከትልቅ ሳይክል ወሰደ፤ ሦስት ካቴና ቀጣጥሎ አንድ አደረገ። መቀመጫውን ደግሞ እንደ አልጋ በጠፍር ጠፈረው። ከዓመት በፊት በምሠራበት ጋዜጣ ላይ ስለዚሁ ብስክሌት አጭር ዜና ጽፌለት ነበር። ትውውቃችን ከዚያ ይጀምራል።

እኔን የሳበኝ ወገቤ ነው። ሐኪሜ ኮርቻ ላይ መቀመጥ ከከለከለኝ ቆይቷል። ተንጋለው የሚነዱት ሳይክል ግን ወገብን አይጫንም፣ እጅን አያደነዝዝም፣ አንገትንም አያደክምም። ቢያንስ ገመቹ እንደዚያ ይለኝ ነበር፤ እኔም ሞክሬ ለመጻፍ ቃል ገብቼ ነበር።

አጋጣሚውን የፈጠረው የእሱው ጉዳይ ሆነ። ገመቹ ሌንሴ የምትባል የሱሉልታ ልጅ ይወዳል፤ እሷም ትወደዋለች። አባቷ ኦቦ ቱሉ ሽማግሌዎቹን እሑድ እንዲልክ ፈቀዱ። ለቀጣዩ እሑድ ደግሞ ዱከም ፋብሪካ ውስጥ ለሚሠራ ሌላ ሰው ቀጠሮ ሰጥተዋል። የመጀመሪያዎቹ ሽማግሌዎች ደህና ቃል ይዘው ከተመለሱ ሁለተኞቹ አይመጡም። የገመቹ አባት በሕይወት የሉም። "ጋሼ፣ አንዱ ሽማግሌ እርስዎ ይሁኑልኝ" አለኝ በስልክ። "መኪና አይሄድም፤ በሳይክሏ ይሂዱ። መንገድ ቢዘጋም እሷ ታልፋለች።"

ዓርብ

ሽማግሌ ከላኪው ቤት ስለሚነሣ ጉዞዬ ወደ ሰበታ ሆነ። ከሳሪስ እስከ አየር ጤና በታክሲ ሄድኩ። እዚያ ረዳቱ "ከዚህ በኋላ የለም፣ ፋዘር፤ መስታወታችን ስንቴ ይሰበር?" ብሎ ሁላችንንም አወረደን። የቀረው ጋሪ ብቻ ነበር። ባለጋሪው በፈረሱ ጆሮ አጠገብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሰክቷል። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው "የይለፍ ወረቀታችን ነው፤ ማኅተም የለውም እንጂ ከሁሉም ይበልጣል" አለኝ። ጋሪው በየጉድጓዱ ሲዘል ወገቤን በሁለት እጄ ይዤ ሰበታ ገባሁ።

ሱቆቹ በራቸውን በግማሽ ከፍተው ነበር። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል። አደባባዩ አጠገብ ፖሊሶች የጫነ መኪና ቆሟል። እኛ ሳሪስ ዓርብ ከሰዓት ሰው ከሰው ይጋፋል፤ እዚህ የሰማሁት የአንድ ወፍጮ ድምፅ ብቻ ነው።

ገመቹ ከበያጅ ቤቱ ጀርባ ባለው ሜዳ አስለመደኝ። ሦስት ጊዜ ወደቅሁ። ከመሬት ያለው ርቀት ትንሽ ስለሆነ ከበርጩማ እንደ መውደቅ ነው፤ ከልብሴ በቀር የተጎዳ አልነበረም።

"ጋሼ፣ መሪውን አይጨብጡት። የሕፃን እጅ እንደሚይዙ ያድርጉት።"

"ወደ ግራ ይጎትተኛል።"

"እርስዎ ነዎት የሚጎትቱት። እግርዎን አይዩ፣ መንገዱን ይዩ።"

በአራተኛው ሄደልኝ።

ማታ የገመቹ እናት አዴ ብርቄ የጾም ሽሮና ጎመን አቀረቡልኝና እጃቸውን አጣጥፈው መልእክቱን ነገሩኝ። "ቱሉን አውቀዋለሁ፤ ክብር የሚወድ ሰው ነው። ከበሩ በታች አንድ ጽድ አለ። እዚያ ውረዱና በእግር ሂዱ። ቆማችሁ ጠይቁ። ተቀመጡ ሳይላችሁ እንዳትቀመጡ፤ ቃሉን ሳይሰጥ ውሃም እንዳትቀምሱ።" በማስታወሻ ደብተሬ ጻፍኩት። ገጹ ዛሬም አለ፤ "ጽዱ ሥር መውረድ" ይላል።

ቅዳሜ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተነሣሁ። ብስክሌቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ መኪኖች እንዲያዩት ገመቹ ከኋላው ረጅም ዘንግ ላይ ቀይ ጨርቅ ያስር ነበር። አዴ ብርቄ ጨርቁን ፈትተው በቦታው ቅጠል አሰሩ። "በዚህ ሰሞን ጨርቅ ብዙ ያስጠይቃል" አሉ።

ዓለም ገና ላይ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር በድንጋይ ተዘግቶ ነበር። ወጣቶቹ ከሩቅ አይተውኝ ጮኹ።

"ሲሬ! ሲሬ መጣ!" ሲሬ በኦሮምኛ አልጋ ነው።

"አባባ፣ ሆስፒታሉ በዚያ በኩል ነው!"

"ተኝቶ የሚሠራ የማዘጋጃ ቤት ሰው አውቃለሁ፤ ተኝቶ የሚነዳ ግን ዛሬ ገና አየሁ!"

ሳቁ ሲበርድ አንዱ ጠጋ ብሎ ከየት እንደመጣሁና ምን እንደያዝኩ ጠየቀኝ። እውነቱን ነገርኩት፤ ሽማግሌ ነኝ፣ የላከኝ ገመቹ ነው አልኩት።

"የበያጁ ገመቹ? የቤታችንን በር የሠራው እኮ እሱ ነው!"

ልወርድ ስል ከለከሉኝ። "አይውረዱ፣ አይውረዱ! የገመቹ ሽማግሌ በእግሩ አይሄድም!" አራት ሆነው ብስክሌቱን ከነእኔ አንሥተው ከድንጋዩ ማዶ አስቀመጡኝ። ዳገት ባለመሆኑ ገፋ አድርገው ለቀቁኝ። ትንሽ ሄጄ ደብተሬን አወጣሁና "ዓለም ገና፤ አልወረድኩም" ብዬ ጻፍኩ። ያንን መጻፍ አልነበረብኝም። ከዚያች መስመር በኋላ ጉዞው በራሴ ዓይን ሌላ ነገር ሆነ፤ ወገቡ የታመመ ሰው ከሰበታ ሱሉልታ አንዴም ሳይወርድና ሳይገፋ መድረስ መቻሉን ማረጋገጫ።

ከአየር ጤና ወዲህ ያለው ቀለበት መንገድ የብስክሌቱ እውነተኛ ቦታ ነው። አስፋልቱ ለስላሳ ነው፣ ነፋሱ ከላይ ያልፋል፣ ሰማዩ በሙሉ ይታያል። ሁለት ሰዓት ነድቼ ወገቤ ትዝ አላለኝም። ለዓመታት እንዲህ ያለ ጠዋት አላየሁም ነበር። ጉድለቱንም እጽፋለሁ። የጭነት መኪና ጭስ ማውጫ ልክ በፊት ትይዩ ይመጣል። አስኮ አጠገብ አንድ ሚኒባስ ሳያየኝ ሊጨፈልቀኝ ነበር። ወደ ዳር ስሸሽ ካቴናው ወለቀ፤ ያንን ሁሉ ካቴና መልሶ ማስገባት ለአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ከሚሠራበት ሕንፃ ወርዶ ያገዘኝ ግንበኛ እጁ እስከ ክርኑ በግራሶ ጠቆረ። በኦሮምኛ "ገለቶማ" ብዬ አመሰገንኩት። ሳቀ። "እኔ ወላይታ ነኝ፣ ጋሼ። ግን ይሁን፤ ምስጋና ለማንም ይሆናል።" ይህ ሁሉ ሲሆን መቀመጫው ላይ እንደተንጋለልኩ ነበርኩ።

ቡራዩ የምገባበት ቤት የገመቹ አጎት የኦቦ ለማ ነው። ስልሳ ያለፋቸው ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው የክለብ ብስክሌት ተወዳዳሪ ነበሩ። በኋላ የጆሮ ሕመም ሚዛን ስላሳጣቸው ገመቹ ሦስት ጎማ ያለው ተንጋለው የሚነዱት ሠራላቸው። ሁለተኛው ሽማግሌ እሳቸው ናቸው። ከቤታቸው በላይ በባሕር ዛፎቹ መሐል የገፈርሳ ግድብ ውሃ ይታያል፤ አዲስ አበባ ከዚያ ይጠጣል። የኦቦ ለማ ቧንቧ ግን ያን ቀን ደርቆ ነበር። እግሬን የታጠብኩት ባለቤታቸው በጀሪካን ካስመጡት ውሃ ነው።

ሴትዮዋ ሁለቱን ብስክሌቶች ጎን ለጎን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"በዚህ ሄዳችሁ ነው ልጅ የምትጠይቁት? እኔን ስትጠይቅ በቅሎ ተውሰህ ነበር የመጣኸው።"

"በቅሎዋስ ጥላኝ ሄደች እኮ" አሉ ኦቦ ለማ።

"እኔ ግን አልሄድኩም።"

ሦስታችንም ሳቅን። ጎረቤት የኀዘን ድንኳን ስለነበር ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው የሳቅነው። ኦቦ ለማ ደብተሬን አይተው ምን እንደምጽፍ ጠየቁኝ። ከሰበታ ጀምሮ አንዴም አልገፋሁም አልኳቸው። "ነገ አቀበቱ ላይ እናይሃለን" አሉኝ፣ እንደ አሮጌ ተወዳዳሪ።

እሑድ

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በአስኮ አድርገን፣ አዲሱ ገበያን አልፈን አቀበቱን ጀመርን። በተለመደው ሳይክል ሰው አቀበት ሲከብደው ፔዳሉ ላይ ቆሞ በክብደቱ ይገፋል። በዚህኛው መቆም የለም፤ ያለው ጭን ብቻ ነው። የእግረኛ ያህል እንሄድ ነበር። ለልምምድ የወጡ ሯጮች እያለፉን "አይዞን" ይሉናል። ኦቦ ለማ ሁለቴ ቆመው አረፉ፤ ሦስት ጎማ ስላላቸው ቆመው መነሣት ይችላሉ። የእኔ ግን አቀበት ላይ ከቆመ እንደገና አይነሣም። ስለዚህ አልቆምኩም።

ከአናቱ ላይ የሱሉልታ ሜዳ ታየን፤ የታጨደ ሣር፣ ቢጫ፣ ጭጋጉ ገና ያልተነሣ። ቁልቁለቱን ለቀቅነው። መንገዱ ባዶ ነበር፤ አውቶቡስም፣ የጭነት መኪናም፣ ድርቆሽ የጫነ አይሱዙም የለም። መንገዱ ለምን ባዶ እንደሆነ አውቅ ነበር። ቢሆንም በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ነፋሱ በላዬ እያለፈ ስወርድ ደስ አለኝ። እንደዚያ ደስ ያለኝን ቀን በቅርቡ አላስታውስም።

ከተማው መግቢያ ላይ ሦስተኛው ሽማግሌ አቶ ተሾመ ጠበቁን። ከጎንደር መጥተው ሱሉልታ ሃያ ዓመት የኖሩ የድርቆሽ ነጋዴ ናቸው፤ ቀጠሮውን ያስያዙትም እሳቸው ነበሩ። እሳቸው በእግር፣ እኛ በዝግታ እየነዳን ወደ መንደሩ የሚወስደውን የጠጠር መንገድ ያዝን። የኦቦ ቱሉ እርሻ ዳር ላይ ጫፋቸው ቀይ የተቀባ ችካሎች ተተክለዋል። አቶ ተሾመ በጣታቸው አሳዩኝ።

ጽዱ ሥር ስንደርስ ኦቦ ለማ ወረዱ።

"እዚህ ነው። ውረድ።"

"ትንሽ ናት የቀረችው። በሩ ሳልደርስ እወርዳለሁ።"

"ኧረ ተው አንተ ሰው! ብርቄ ምን አለችህ?"

"ሁለት ደቂቃ" አልኳቸው።

ከጽዱ እስከ በሩ መቶ እርምጃ አይሞላም፤ ከቁልቁለቱ በኋላ ያለችው የመጨረሻዋ አቀበት ናት። ልወርድ ያሰብኩት ከአጥሩ መታጠፊያ በፊት ነበር። መታጠፊያው ግን በሩ ራሱ ሆነ። ኦቦ ቱሉ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ሊቀበሉን ወጥተው ኖሯል። ፍሬን ያዝኩ። አቀበት በመሆኑ ፍሬኑን ብለቅ ወደ ኋላ እንሸራተታለሁ፤ በሁለት እጄ አንቄ ያዝኩት። በትከሻዬ አጥሩን ተደግፌ፣ እግሮቼ ፔዳሉ ላይ እንደተነሡ ቀሩ። የጫማዬ ሶል ሁለቱም ወደ ደረታቸው ዞሯል።

"አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ ቱሉ" አልኩ፣ ተንጋልዬ፤ እንደምን አደሩ ማለቴ ነው።

ጫማዬን አዩ። ኦቦ ለማና አቶ ተሾመ እያለከለኩ ደረሱ።

"ይሄ ሰውዬ ታሟል?" አሉ ኦቦ ቱሉ። የጠየቁት አቶ ተሾመን ነው።

"አልታመመም፣ ወገቡን ትንሽ..."

"ካልታመመ ለምን ተኝቷል?"

ኦቦ ለማ በብብቴ ይዘው አነሡኝ። ወገቤ ወዲያው አልተፈታም፤ እስክቃና ድረስ ሁሉም ጠበቁኝ። ከዚያ ሦስታችን ጎን ለጎን ቆምን። ኦቦ ለማ የተላክንበትን በሥርዓቱ ተናገሩ፤ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ሥራውን፣ የእናቱን ቃል። ኦቦ ቱሉ እስከ መጨረሻው ሰሙ።

"በመስከረም ሰዎች መጥተው ነበር" አሉ ሲያበቁ። "መሬቴን ሊለኩ። ከመኪናቸው አልወረዱም፤ በመስኮት ነው ስሜን የጠየቁኝ። ዛሬ ደግሞ ልጄን ሊጠይቀኝ የመጣ ሰው ጫማውን አሳየኝ።"

"ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አባቴ" አልኩ። "ልጁ ምንም አላጠፋም። እናቱ እንዲያውም..."

"ላኪውን የማውቀው በተላከው ነው።"

ሌንሴን ያየኋት ያኔ ነው። ከጓሮው በኩል ከእናቷ ጋር ቆማ ነበር። የምታየው እኔን አልነበረም፤ ብስክሌቱን ነበር።

ኦቦ ቱሉ ክፉ ሰው አይደሉም። እምቢ አላሉም። "በሚመጣው እሑድ ኑ" አሉ። "የዱከሞቹም ይመጣሉ። ቀድሞ ደጄ ላይ የቆመውን እሰማለሁ።" ተቀመጡ አላሉንም። ልንሄድ ስንዞር ግን ባለቤታቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ትኩስ ዳቦ ይዘው መጡ። ቃል ሳይሰጥ እንደማንቀምስ ያውቃሉ፤ "ለሽማግሌ አይደለም፣ ለመንገደኛ ነው" አሉ ኦቦ ቱሉ ራሳቸው። ብስክሌቱን እየገፋሁ እስከ ጽዱ ወረድኩ። በሦስቱ ቀን የገፋሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከአቶ ተሾመ ሱቅ ለገመቹ ደወልኩ።

"ተቀመጡ አሏችሁ፣ ጋሼ?"

"አላሉንም።" የሆነውን ምንም ሳልቀንስ ነገርኩት። የእኔ ጥፋት መሆኑን፣ እናቱ እንዳስጠነቀቁኝ፣ ኦቦ ለማ እንደለመኑኝ።

"አቀበቱን ወጣች?" አለ በመጨረሻ።

"ማ?"

"ሳይክሏ።"

"ወጣች" አልኩት።

ከዚያ በኋላ

በሚቀጥለው ሳምንት የሆነውን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ። ቅዳሜ ሱሉልታ ገብቼ አቶ ተሾመ ቤት ማደር እችል ነበር፤ መንገዱ ያን ቀን ክፍት ነበር። ግን ዝግጅት ክፍል ተረኛ ነበርኩ። በሥራ ዘመኔ ተረኛ ሆኜ ቀርቼ አላውቅም፤ ያን ቀንም አልቀረሁም። እሑድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ አዲሱ ገበያ ደረስኩ። ወታደሮች መንገዱን ዘግተው ነበር፤ እግረኛም አያልፍም አሉ። ሽማግሌ መሆኔን ነገርኳቸው። አንደኛው "ይቅርታ፣ አባቴ፣ ትእዛዝ ነው" አለኝ። እስከ አራት ሰዓት ቆሜ ተመለስኩ። ኦቦ ለማ ከቡራዩ መውጣት አልቻሉም። አቶ ተሾመ ብቻቸውን ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ደጃፉ ላይ ቆሙ፤ ግን አንድ ሰው ሽምግልና አይሆንም። የዱከሞቹ ሦስት ሽማግሌዎች ቅዳሜ ገብተው ዘመድ ቤት አድረው ኖሯል። በእግራቸው መጡ፤ ከጽዱ ሥር ጀምሮ ጋቢያቸውን አጣፍተው።

ስለ ብስክሌቱ ቃል የገባሁትን ጽሑፍ ጻፍኩ። ለወገብ ይመቻል፣ ለቀለበት መንገድ ይሆናል፣ ለአቀበት ትዕግሥት ይጠይቃል አልኩ፤ ሁሉም እውነት ነው። የወጣ ቀን ጋዜጣውን ለገመቹ ወሰድኩለት። ቆሞ አነበበው፣ አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው። የመስኮት ፍርግርግ እየበየደ ነበር። አዴ ብርቄ ምሳ ሳልበላ እንዳልሄድ ያዙኝ፤ ስለ ጽዱ አንድ ቃል አልወጣቸውም።

ማስተር ፕላኑ በጥር ወር መሰረዙ ተገለጸ። ሌንሴ ከፋሲካ በኋላ፣ በግንቦት፣ ተድራ ዱከም ገባች። ይህን ከሁለት ሰዎች አረጋግጫለሁ፤ አንደኛው አቶ ተሾመ ናቸው፣ ሁለተኛው ኦቦ ቱሉ።